ድመት የሚያርፍበት ግቢ፦ የሐዋሳ ጉዞ ማስታወሻ

ሐሙስ

ሐዋሳ የደረስነው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም ሻሸመኔ መሀል መንገዱ በባጃጅና በጋሪ ተጨናንቆ አቆየን። ጥቁር ውኃን ተሻግረን ከተማው ስንገባ የመኪናችን የኋላ ወንበር እስከ ጣሪያው በባዶ ካርቶን፣ በአሮጌ ፎጣና በበረኪና ጀሪካን እንደተሞላ ነበር። መኪናዋን የምትነዳው የእንስሳት ሐኪም ጓደኛዬ ናት። ሙያው የእሷ ነው፤ እኔ የምረዳት በጉልበቴ ነው።

የመጣንበት ጉዳይ ይህ ነው። ታቦር ክፍለ ከተማ ውስጥ የሚኖሩ አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት አሉ፤ እትዬ እያልን ነው የምንጠራቸው። ሜዳ ላይ የተጣሉ ድመቶችን ሰብስበው ግቢያቸው ውስጥ ያኖራሉ። ወሬው ሲዳረስ ድመቱን በማዳበሪያ ቋጥሮ በራቸው ላይ ጥሎ የሚሄደው ሰው በዛ። በቅርቡ ደውለው «ልጄ፣ እያስነጠሱ አለቁብኝ፤ ምናለ መድኃኒት ብትልኩልኝ» አሉ። ጓደኛዬ ስልኩን ተቀብላ «ስንት ናቸው? ስንት ክፍል አለዎት? አንዱ ከገባ በኋላ ምን ያህል ጊዜ ይቆያል?» ብላ ጠየቀቻቸው። እትዬ ለመጨረሻው ጥያቄ መልስ አልነበራቸውም። «የት ይሄዳል ብለሽ ነው? ከገባ ገባ ነው እንጂ» አሉ።

ሐኪሟ ስልኩን ዘግታ «መድኃኒት ብቻ ብልክላቸው አይጠቅማቸውም፤ መሄድ አለብን» አለችኝ። መንገዱን ሙሉ የተነጋገርነው ስለዚህች አንድ ነገር ነው። ድመት ገብታ የማትወጣበት ቤት የቱንም ያህል ቢወዷት ውሎ አድሮ ይታመማል።

አርብ

ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ግቢው ደረስን። እትዬ ነጠላቸውን አደግድገው በር ላይ ቆመዋል። ጉንጫችንን አገላብጠው ከሳሙን በኋላ ቡና ካልጠጣችሁ አሉ፤ ጓደኛዬ «እትዬ፣ መጀመሪያ ልጆቹን ልይልዎት» ብላ አስፈቀደች።

ድመቶቹ ያሉት በሰርቪስ ቤቱ ነው። ትልቁ ክፍል አራት ሜትር በአራት ሜትር ሲሆን ከሠላሳ የሚበልጡ ድመቶች አሉበት። ወለሉ ታጥቧል፤ የበረኪናው ሽታ ዓይን ያቃጥላል። ንጽሕናው አልጎደለም። ፍቅሩም አልጎደለም፤ እትዬ እያንዳንዷን በስም ይጠራሉ፣ የቷ ምን እንደማትወድ ያውቃሉ። የበሩ ደፍ ላይ ግን ሁለት ውሾች ታስረው ይጮኻሉ።

ሐኪሟ አልገባችም። በሩ ላይ ቁጢጥ ብላ ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ አየች። ጥግ ላይ አንዲት ግራጫ ድመት የአሸዋው ሳህን ውስጥ ተጠቅልላለች። እትዬን የምትረዳው ልጅ «እሷ ሰነፍ ናት፤ ቀኑን ሙሉ እዚያው ነው የምትተኛው» አለች። «አልተኛችም» አለች ሐኪሟ። «ዓይኗን ጨፍናለች እንጂ ጆሮዋን እይው፣ ይዞራል። እግሮቿን ከሥሯ ወጥራ ይዛለች። መደበቂያ አጥታ ነው እዚያ የገባችው።» ከዚያ በኋላ እኔም ክፍሉን በሌላ ዓይን ማየት ጀመርኩ። ጸጥ ካሉት መካከል ብዙዎቹ አላረፉም፤ ፈርተው ደርቀው ነው የተቀመጡት።

ኬስለርና ተርነር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1997 የድመትን ጭንቀት በሰባት ደረጃ የሚለካ መለኪያ አውጥተዋል፤ ከተዝናናች አንስቶ በፍርሃት እስከ ደረቀች ድመት ይሄዳል። ሆዷን፣ እግሯን፣ ጅራቷን፣ የዓይኗን ብሌንና ጆሮዋን እያዩ መሙላት ብቻ ነው፤ ገንዘብ አይጠይቅም። እነዚሁ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጡት ሌላ ጥናት በጋራ ክፍል ውስጥ ለአንድ ድመት ቢያንስ 1.7 ካሬ ሜትር ወለል ያስፈልጋል ብለዋል። ያን ስሌት እትዬ ክፍል ላይ ብናውለው 16 ካሬ ሜትሩ የሚችለው ዘጠኝ ድመት ነው። ሐኪሟ ይህን ስትናገር እትዬ ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። «ታዲያ ሌሎቹን የት ላድርጋቸው?» አሉ። ይህ ጥያቄ የሁላችንም ሥራ ሆኖ ሰነበተ።

ማስነጠሱ ከዚህ ጋር የሚያያዘው እንዲህ ነው። የድመት ጉንፋን ከምንለው በሽታ አብዛኛውን የሚያመጡት የድመት ሄርፐስ ቫይረስና ካሊሲ ቫይረስ ናቸው። ሄርፐሱ አንዴ ከያዛት ዕድሜዋን በሙሉ በሰውነቷ ውስጥ ተደብቆ ይኖራል፤ ስትጨነቅ ይነሣል። ከተጨነቀች ሳምንት ገደማ በኋላ ቫይረሱን በአፍንጫና በዓይኗ ፈሳሽ መርጨት ትጀምራለች። ስለዚህ ጤነኛ መስላ የገባች ድመት በሳምንቷ የምታስነጥሰው ሁልጊዜ ከሌላዋ ተጋብቶባት አይደለም፤ የራሷ ቫይረስ በፍርሃት ተቀስቅሶም ሊሆን ይችላል። አንቲባዮቲክ ቫይረስን አይገድልም። ቦታና ጸጥታ ከሌለ በመርፌ የዳነችው መልሳ ትታመማለች።

ከሰዓት የምግቡን ነገር አየን። ወሩ ዐቢይ ጾም ነው። እትዬ ከሁለት ምግብ ቤቶች ትርፍራፊ ይለምናሉ፤ 55ቱን ቀን የሚያገኙት ሽሮ፣ ምስርና ጎመን የነካው እንጀራ ነው። ድመት ያለ ሥጋ መኖር የማትችል ፍጥረት ናት፤ ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር ሰውነቷ በበቂ መጠን ስለማይሠራው ከእንስሳ ምግብ ማግኘት አለባት፣ ካጣችው ዓይኗና ልቧ ይጎዳሉ። ከዚህ የከፋው ሽንኩርቱ ነው። ቀይ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም፣ ቢበስልም ባይበስልም፣ የድመትን ቀይ የደም ሕዋሳት ይሰባብራል። የእኛ ወጥ ደግሞ ያለ ሽንኩርት አይነሣም። ድድና አፍንጫቸው ነጭ የሆኑ ሦስት ድመቶችን ሐኪሟ ለይታ አስቀመጠች። እትዬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምግብ የማይቀምሱ ጾመኛ ናቸው፤ ለራሳቸው ሽሮ እየሠሩ ለድመቶቹ ዓሣ እንቀቅላለሁ ብለው በዚያው ቃል ገቡ።

ቅዳሜ

የጉልበት ቀን። መጀመሪያ ውሾቹ ወደ ጓሮ ተዛወሩ፤ ከድመቶቹ ዓይን መራቃቸው ብቻውን ክፍሉን ለወጠው።

ትንሿን ክፍል ለአዲስ ገቢ ለየናት። አዲስ የመጣች ድመት 14 ቀን እዚያ ትቆያለች፤ የራሷ ሳህን፣ የራሷ ፎጣ ይኖራታል። የመጀመሪያው ምክንያት ፓንሉኮፒኒያ ነው። ይህ የድመት ፓርቮ ቫይረስ ግልገሎችን በተቅማጥና በትውከት በጥቂት ቀናት ይፈጃል፤ ወለልና ጨርቅ ላይ እስከ ዓመት ሊቆይ ይችላል። ክትባት አለው፤ መጠለያ ውስጥ የሚሰጠውም በገባችበት ቀን ነው እንጂ ሳምንት ተጠብቆ አይደለም። ሁለተኛው ምክንያት ጭርት ነው፤ የረዳት ልጅቷ ክንድ ላይ ክብ ክብ የሆነውን ሐኪሟ ስታይ ምንም አላለችም፣ ጓንት አውጥታ ሰጠቻት፣ ወደ ጤና ጣቢያም አብራት ለመሄድ ቀጠሮ ያዘች።

ሥራ የሚከናወንበት ቅደም ተከተልም ተጻፈ። ጠዋት መጀመሪያ ግልገሎችና እናቶች፣ ቀጥሎ ጤነኞቹ፣ ቀጥሎ አዲሶቹ፣ መጨረሻ ሕሙማኑ። እጅና ጫማ በሽታን የሚያደርሱት ከዚህ ወደዚያ ስለሆነ ወደኋላ መመለስ የለም።

በረኪናው ላይ ረጅም ጊዜ ቆየን። እትዬ ጠዋትና ማታ ድመቶቹን በሙሉ ወደ ግቢው እያስወጡ፣ ወለሉን በወፍራም በረኪና እያጠቡ ነበር። ሐኪሟ በትሕትና አስረዳቻቸው። በረኪና ቆሻሻ ላይ ከፈሰሰ ኃይሉ ይጠፋል፤ መጀመሪያ በሳሙናና በውኃ መታጠብ አለበት። 5 በመቶ ገደማ የሆነውን የቤት በረኪና አንድ እጅ ለ32 እጅ ውኃ ማቅጠን ይበቃል፤ ለ10 ሊትር ባልዲ 300 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፣ በግማሽ ሊትር ሃይላንድ ሲለካ ከግማሹ ትንሽ ከፍ ይላል። 10 ደቂቃ ወለሉ ላይ መቆየት አለበት፣ ከዚያ ይታጠባል፣ ይደርቃል። በየቀኑ አዲስ ይበጠበጣል። ውኃ ሲነካው ነጭ የሚሆነው ፊኖል ያለበት ማጽጃ ግን ድመት ያለበት ቤት አይገባም፤ እግሯን ስትልስ ይመርዛታል።

ከሁሉ በላይ ያስገረመኝ ማጽዳቱን መቀነስ መጠየቁ ነው። አንዲት ድመት በያዘችው ቦታ እስካለች ድረስ ቆሻሻውን ብቻ ማንሳት፣ አሸዋዋን መለወጥ፣ ፎጣዋን ግን ካልቆሸሸ መተው። የገዛ ጠረኗ ያለበት ጨርቅ ያረጋጋታል። ሙሉ እጥበቱ ድመቷ ከሄደች በኋላ ለምትተካው ነው። በየቀኑ ሁሉን ማስወጣትና መመለስ በየቀኑ አዲስ ቤት እንደማስገባት ይሆንባታል።

ካርቶኖቹን ያራገፍነው ከሰዓት ነው። በአንድ ጎኑ መግቢያ ቀደድን፣ አፉን ወደ ታች ደፍተን በየግድግዳው ሥር ደረደርን፤ ላዩ መቀመጫ፣ ውስጡ መደበቂያ ሆነ። የኡትሬክት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ያሳተሙት ጥናት አለ። ኔዘርላንድስ ውስጥ አንድ መጠለያ የገቡ 19 አዲስ ድመቶችን ወስደው ለ10ሩ መደበቂያ ሳጥን ሰጡ፣ ለ9ኙ አልሰጡም፤ ሳጥን ያገኙት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ውስጥ ጭንቀታቸው ፈጥኖ ወረደ። ካርቶን ደግሞ ሐዋሳም ሞልቷል፤ የሱቅ ልጆች በነጻ ይሰጡናል፣ ሲቆሸሽ ይቃጠላል፣ ማጠብ የለም።

ግራጫዋ ድመት ከአሸዋው ሳህን የወጣችው ያን ዕለት ማታ ነው። ከካርቶኑ ውስጥ ሁለት ዓይን ብቻ ይታያል። እትዬ መሬት ላይ ተቀምጠው «ውሮ፣ ውሮዬ» አሏት፣ አልጎተቷትም። እኔ እንባዬ መጣ። አንድ ባዶ የብስኩት ካርቶን ለአንድ ፍጡር ይህን ያህል የሚሆን ከሆነ፣ ለድመት መጠለያ ገንዘብ የለንም የሚለውን ቃል ደግሜ መስማት አልፈልግም።

የአሸዋ ሳህን ከቢጫ ጀሪካን ሠራን፤ አንዱ በቁመቱ ሲሰነጠቅ ሁለት ይወጣዋል፣ ጠርዙን በእሳት ማለስለስ ነው። ሰጋቱራው አቧራው አፍንጫ ስለሚቆጣ በደቃቅ አሸዋ ተተካ። ሳህኑ ከምግቡ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር መራቅ አለበት፤ ድመት ከምትጸዳዳበት አጠገብ መብላት አትወድም። በየቀኑ መነሣቱ ለሰውም ነው፤ ቶክሶፕላዝማ የተባለው ጥገኛ ተህዋሲ ከድመት ሰገራ ጋር ከወጣ በኋላ ለመጋባት የሚበቃው ከአንድ እስከ አምስት ቀን ቆይቶ ነው። ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ግን አሸዋውን ባትነካው ይሻላል።

እሁድ

እትዬ ከቅዱስ ገብርኤል ሲመለሱ ተቀላቅለናቸው አሞራ ገደል ወረድን። አባ ኮዳዎቹ ከሰው ቁመት ብዙ ሳያንሱ በዓሣ አራጆቹ መሀል ይንጎማለላሉ፣ ጥሬ ዓሣ በዳጣ የሚበላው ወጣት በሳቅ ያወካል፣ ሐይቁ ጠፍጣፋ ሆኖ ያበራል። ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለው ክርክር እንዳለ ሆኖ ገበያው በጾሙ ደርቷል፤ ደርቷል ማለት ደግሞ ጭንቅላትና ቅሪት ይተርፋል ማለት ነው። የአምባዛና የቆሮሶ ቅሪት በርካሽ ስጡን ብለን ከሁለት ልጆች ጋር ተስማማን።

ጥሬውን ግን አይደለም። አንዳንድ ዓሦች ቫይታሚን ቢ1ን የሚያጠፋ ኢንዛይም አላቸው፤ ጥሬ ዓሣ ደጋግማ የምትበላ ድመት ራሷን እስከ መሳት ልትደርስ ትችላለች። መቀቀል ኢንዛይሙን ያጠፋዋል። ያለ ጨው፣ ያለ ሽንኩርት ተቀቅሎ፣ እሾሁ ተለቅሞ ይሰጣል፤ ለብቻውም ሳይሆን ከእንቁላልና ከጉበት ጋር እየተፈራረቀ። መረቁ ለሕሙማኑ ነው። አፍንጫዋ የተደፈነ ድመት ካልሸተታት አትበላም፣ ለጥቂት ቀናት ጨርሶ ካልበላች ደግሞ ጉበቷ በስብ ይታመማል። ምግቡን ለብ አድርጎ አፍንጫዋን በሞቀ ጨርቅ መጥረግ ከብዙ መድኃኒት ይበልጣል።

ቤት ስንመለስ አንዱ ወንዴ ድመት ከቅርጫቱ ቆሮሶ ነጥቆ ጣሪያ ላይ ወጣ። እትዬ «ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ!» አሉ እየሳቁ። ተረቱን የምናውቀው ለወቀሳ ነው። እኔ ግን የመጠለያ ሥራ ሁሉ ከዚህ ይጀምራል እላለሁ፤ የቤት ድመት የዘር ግንዷ ብቻዋን የምታድነው የአፍሪካ የዱር ድመት ናት። ከፍ ያለ ቦታ፣ መሸሸጊያ፣ መሞነጫጨሪያ እንጨት፣ ለየራስ የተራራቀ የምግብ ሳህን ትፈልጋለች። ዓመሏን ትርሳ ብለን ካስገደድናት ነው የምትታመመው። አናጺ ጠርተን በግድግዳው ላይ ሦስት ደረጃ ጣውላ አስመታን።

ሰኞ

የአንድ ክሊኒክ ባለቤት ክፍላቸውን ለቀን ሥራ ስለፈቀዱልን ሐኪሟ ከጠዋት እስከ ማታ ስታመክን ዋለች። እኔ ቅርጫት ስሸከም፣ የነቁትን በፎጣ ስጠቀልል ዋልኩ።

ሐዋሳ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ላይ ናት፤ የቀኑ ርዝመት ከወር ወር ብዙ አይለወጥም። ሴት ድመት ወንድ የምትፈልግበት ወቅት የሚወሰነው በቀን ብርሃን ርዝመት ስለሆነ ክረምቱ በሚጨልምበት አገር ለወራት ታርፋለች። እዚህ ዕረፍት የላትም፤ ዓመቱን በሙሉ ትወልዳለች። ከአራት ወሯ ጀምሮ ልታረግዝ ትችላለች፣ እርግዝናዋ ሁለት ወር ገደማ ነው። ከግቢው የምትወጣ ድመት ሳትመክን መውጣት የለባትም የሚለው ሕግ ግድግዳው ላይ በትልቁ የተለጠፈው ለዚህ ነው። ወደ ሰፈሯ የምትመለሰዋ በማደንዘዣ ሳለች የግራ ጆሮዋ ጫፍ ይቆረጣል፤ ደግሞ እንዳትያዝ ከሩቅ ትለያለች።

ቀትር ላይ አንድ የባጃጅ ሾፌር ማዳበሪያ ይዞ መጣ፤ ድመቷ በጨርቁ ውስጥ ሆና አውራ ጣቱን ነክሳዋለች። «ምንም አይደል» አለ። ሐኪሟ ቧንቧው ሥር ወስዳ በሳሙና 15 ደቂቃ አሳጠበችው፣ ከዚያ በራሱ ባጃጅ ወደ ጤና ጣቢያ ለክትባት ላከችው። የእብድ ውሻ በሽታን ድመትም ታስተላልፋለች፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላል። ለሾፌሩ ሲመለስ ክዳን ያለው ቅርጫት ሰጠነው። ድመት በማዳበሪያ ታንቃ የምትጓጓዝበት ልማድ እንዲቀር ከሾፌሮቹ መጀመር ጥሩ ነው፤ ሁሉን የሚያመላልሱት እነሱ ናቸው።

ማታ የእትዬን «የት ላድርጋቸው?» መልስ ለማግኘት ተቀመጥን። ሐኪሟ ደብተር ላይ ጻፈችላቸው። በየቀኑ አንድ ድመት ብትገባና እያንዳንዷ 60 ቀን ብትቆይ ግቢው ሁልጊዜ 60 ድመት ይኖርበታል፤ ቆይታው ወደ 20 ቀን ቢወርድ ግን ያንኑ ያህል ተቀብለው 20 ብቻ ይሆናሉ። ስለዚህ ትልቁ ሥራ መውጫውን መክፈት ነው። የለመዱት ለቤት፣ ሰው የማይወዱት ደግሞ አይጥ ለሚያስቸግረው። እትዬ ያስተማሯቸው ልጆች ዛሬ እህል ነጋዴዎችና የወፍጮ ቤት ባለቤቶች ናቸው፤ ስልኩን አንሥተው አንድ በአንድ ደወሉ። «አንተ፣ መምህርህ ነኝ። አይጥ አለብህ አይደል?» ሁለት ሁለት የሚወስዱ ተገኙ። ተቀባዩ በመጋዘኑ ውስጥ ለሁለትና ለሦስት ሳምንት ዘግቶ መመገብ አለበት፤ ወዲያው ከለቀቃት ወደ ጥንት ሰፈሯ ስትሮጥ መኪና ይበላታል።

ማክሰኞ

ልንነሣ ስንል አንዲት ወጣት መጣች። ጎረቤቷ ጣሪያ ሥር ድመት ወልዳለች፣ አራት ግልገል ናቸው፣ ዛሬውኑ ላምጣቸው አለች። እትዬ እኔን አዩኝ፣ ሐኪሟን አዩ። ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞረው፣

«እናትየው አለች?»

«አለች፣ ታጠባቸዋለች።»

«እንግዲያው አታንሻቸው የኔ ልጅ። እዚህ ካመጣሻቸው በሽታ ይይዛቸዋል። ስምንት ሳምንት እስኪሆናቸው እዚያው ይደጉ፤ የሚበላውን እኔ እሰጥሻለሁ። ያኔ እናትየውን ለማምከን ታመጫታለሽ፣ ለግልገሎቹም ሰው እንፈልጋለን» አሏት።

ልጅቷ አመነታች፤ ጎረቤቴ ይጥላቸዋል ብላ ፈራች። እትዬ ነጠላቸውን ለብሰው ጎረቤቱን ራሳቸው ሊያነጋግሩ አብረዋት ወጡ። ሐኪሟ የእናትየዋን የማምከኛ ሳምንት ከደብተሩ ላይ ቆጥራ አስገባች፣ በዚያው ሰሞን ለመመለስ ከክሊኒኩ ባለቤት ጋር በስልክ ቀጠሮ ያዘች፣ መኪናውን አስነሣች።